ጨዋታው በኢንተርኔት፣ ዳኛው በአዳራሽ
ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን

ይድረስ ለኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ፤ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ

ጉዳዩ፦ በርቀት በኮምፒውተር የሚካሄዱ የቼስ ውድድሮችን ከኩረጃ መጠበቅን ይመለከታል

ከደጀን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ካለችው ከተማ ተነስቶ ሸለቆውን ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ በጎሐ ጽዮን በኩል ዳገቱን ይወጣል። ዕድሜው 14 ለሆነ የቼስ ተጫዋች ይህ ጉዞ የመሳፈሪያ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ አለው፤ ከዚያም በላይ ሥራውን ፈትቶ አብሮት የሚሄድ አዋቂ ይፈልጋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ መንገዱ የማይከፈትበት ቀን ብዙ ነበር።

ስለዚህ በኢንተርኔት የሚደረግ ውድድር ለደጀን፣ ለብቸና፣ ለሞጣና ለደብረ ማርቆስ ልጆች ቅንጦት አይደለም። ከሰፈራቸው ውጭ ካለ እኩያ ጋር ለመፈተን ያላቸው ብቸኛ ዕድል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ያ ዕድል እንዳይበላሽ ነው። የሚያበላሸው ደግሞ ኩረጃ ነው። አሸናፊው በራሱ ጭንቅላት ማሸነፉን ማንም ማረጋገጥ ካልቻለ ውጤቱን የሚያከብር ክለብ፣ ሽልማት የሚሰጥ ድርጅት፣ ልጁን ለብሔራዊ ቡድን የሚያስብ አሠልጣኝ አይኖርም።

ኩረጃውን ያቀለለው የኮምፒውተሮች ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑ ጋሪ ካስፓሮቭ በአይቢኤሙ ኮምፒውተር በዲፕ ብሉ ሲሸነፍ ማሽኑ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ዛሬ ስቶክፊሽ የሚባለው የቼስ ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፣ በተራ ስማርት ስልክ ላይ ይሠራል፣ ከዲፕ ብሉም እጅግ ይበረታል። የሰው ልጅ በቼስ የደረሰበት ከፍተኛ ነጥብ ማግነስ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ2014 ያስመዘገበው 2882 ነው፤ የኮምፒውተሮች የደረጃ ዝርዝሮች ግን ለስቶክፊሽ ከ3,500 በላይ ይሰጡታል። ሁለቱ መለኪያዎች በቀጥታ ባይወዳደሩም ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ማንም አይስተውም። ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ይዞ የአገሪቱን ሻምፒዮን ያሸንፋል።

ቼስ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ሼፈርና ባልደረቦቹ ባለ 64 ቤቱ ዳማ፣ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ከተጫወተ፣ እኩል በእኩል እንደሚያልቅ በኮምፒውተር አረጋግጠዋል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002፣ በአምስተርዳም ሁለት ተመራማሪዎች የገበጣ ዘመድ የሆነውን የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ ከ889 ቢሊዮን በላይ አቀማመጦች አስልተው ፈትተውታል፤ እሱም እኩል በእኩል ነው። እንግዲህ ነገ የገበጣ ውድድር በኢንተርኔት ቢጀመርም ችግሩ አብሮት ይመጣል።

በከተሞቻችን ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው ተመልካች ዝም እንደማይል ያውቃል። አንዱ «ብላው!» ይላል፣ ሌላው ጣቱን ይሰነዝራል፣ ተጫዋቹም አንዳንዴ ይሰማዋል። ይህን ማጭበርበር የሚለው የለም። ምክሩ በሁለቱም ጆሮ ፊት የተሰጠ ነው፤ ተጋጣሚው ሰምቶታል፣ ካልወደደም «ዝም በል!» ይላል፣ የእሱም ደጋፊ በተራው ይመክረዋል። በኢንተርኔት ላይ ያለው እርዳታ የሚለየው በመደበቁ ነው። ተጋጣሚው ከአንድ ልጅ ጋር እየተጫወተ ይመስለዋል፤ የሚጫወተው ግን ከማሽን ጋር ነው፣ ያንንም የሚነግረው የለም።

በዓለም ላይ የሆነውን ለአብነት ማየት ይጠቅማል። ኮቪድ ሁሉን ቤት ባስቀመጠበት በ2020 እ.ኤ.አ. መስከረም የፕሮ ቼስ ሊግ ፍጻሜ በኢንተርኔት ተካሄደ። የአርመኒያ ኤግልስ ቡድን የአሜሪካውን ሴንት ሉዊስ አሸነፈ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ግን አዘጋጁ ቼስ ዶት ኮም ከአርመኒያው ቡድን አንዱን ተጫዋች፣ ግራንድ ማስተር ትግራን ፔትሮስያንን (ከ1963 እስከ 1969 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ስመ ሞክሼው አይደለም)፣ ደንብ ጥሰሃል ብሎ ከድረ ገጹ ለዘለዓለም አገደው። ዋንጫውም ለሴንት ሉዊስ ተሰጠ። ተጫዋቹ አላጭበረበርኩም ብሏል። ቡድኑ በሙሉ ግን ድሉን አጣ፤ አብረውት የተሰለፉት ሦስቱ ሰዎች በራሳቸው ጭንቅላት የለፉበት ሁሉ ከእሱ ጋር ተሰረዘ።

ሌላው ታሪክ የኢንዶኔዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ዕድሜያቸው 60 የደረሰ አንድ አባት በኢንተርኔት አንድ ታዋቂ አሜሪካዊ የቼስ አስተማሪ አሸነፉ፤ ከዚያም መለያቸው በኩረጃ ተዘጋ። የአገራቸው ሰው ተቆጣ፤ አሜሪካዊው በሺዎች በሚቆጠሩ የስድብ መልእክቶች ተወረረ። ነገሩን ያበረደው ክርክር አልነበረም። ሰውየውን ከኢንዶኔዥያ ምርጥ ሴት ተጫዋቾች አንዷ ከሆነችው ከአይሪን ሱካንዳር ጋር ፊት ለፊት አስቀመጧቸው፤ እሷም 3 ለ 0 አሸነፈች። ጨዋታውን በቀጥታ ሥርጭት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቶታል። ከዚህ ታሪክ ፌዴሬሽኑ ልብ እንዲለው የሚፈለገው ነገር አንድ ነው፦ ጥርጣሬ ሲነሳ ተጫዋቹን በዳኛ ፊት፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ማጫወት ከየትኛውም የቁጥር ትንታኔ በላይ ለሰው ይገባል፣ ሰውም ያምነዋል።

በአካል መገናኘት ብቻውን ደግሞ ፈውስ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 በሩሲያ ኻንቲ ማንሲስክ በተካሄደው ኦሎምፒያድ ከፈረንሳይ ቡድን ጋር የተያያዘ አንድ ሰው አገሩ ሆኖ የኮምፒውተሩን መልስ በአጭር የስልክ መልእክት ይልክ ነበር፤ የቡድኑ መሪ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ በሚቆምበት ቦታ ለአንድ የቡድኑ ተጫዋች ምልክት ያስተላልፍ ነበር። በ2019 ኢጎርስ ራውሲስ የተባለ ግራንድ ማስተር ስትራስቡርግ ውስጥ በውድድር መካከል መጸዳጃ ቤት ስልክ ይዞ ተገኘ፤ ለስድስት ዓመት ታገደ፣ ማዕረጉንም ተነጠቀ። ወደ እኛ ቀረብ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በናይሮቢው የኬንያ ኦፕን ውድድር አንድ የ25 ዓመት ወጣት ኒቃብ ለብሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ በሴት ስም ተመዝግቦ በሴቶች ምድብ ተጫውቶ ነበር። የማትታወቅ ተጫዋች ጠንካሮችን በተከታታይ ስታሸንፍ አዘጋጆቹ ተጠራጠሩ። በሕዝብ ፊት አላዋረዱትም፤ ለብቻው ወስደው መታወቂያ ጠየቁት፣ እሱም የገንዘብ ችግር ለዚህ እንዳደረሰው ተናገረ። በአዳራሽ ውስጥ፣ በዓይን እየታየ ይህ ከሆነ፣ ከስክሪን ጀርባ ታላቅ ወንድም በታናሹ ስም ቢጫወት ማን ያውቃል?

ሁሉም የኮምፒውተር እርዳታ ወንጀል ነው ማለት ግን አይደለም። በዓለም አቀፉ የቼስ በደብዳቤ ማኅበር ውድድሮች ኮምፒውተር መጠቀም በደንብ የተፈቀደ ነው። አንድ ጨዋታ ወራት ይወስዳል፣ ሁለቱም ወገኖች ማሽን ያማክራሉ፣ ሁለቱም ያንን ያውቃሉ። እዚያ ኩረጃ የለም፣ ምክንያቱም የተደበቀ ነገር የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ማንም ልጅ በሚገባው አማርኛ መጻፍ ነው። «በቅንነት ተጫወቱ» ማለት በቂ አይደለም። በጨዋታ መካከል የመክፈቻ መጽሐፍ ማየት ይፈቀዳል? አሠልጣኝ ከኋላ ሊቆም ይችላል? ከጨዋታው በኋላ ጨዋታውን በፕሮግራም መመርመርስ? የመጨረሻው የተፈቀደ፣ እንዲያውም የሚመከር ትምህርት ነው፤ ይህን የሚነግረው ያጣ ልጅ ግን በጨዋታው መካከል ቢያደርገው ጥፋት መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ድረ ገጾቹ ኮራጅን እንዴት እንደሚለዩ ማወቅም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ማሽኑ አይሳሳትም ብሎ ያምናል። የተጫዋቹ እርምጃዎች ከፕሮግራሙ ምርጥ ምርጫዎች ጋር ምን ያህል እንደሚገጥሙ ይቆጠራል። ለከባድና ለቀላል እርምጃ የወሰደው ጊዜ ይታያል፤ ቀላሉንም ከባዱንም በተመሳሳይ ሰከንድ የሚመልስ ሰው ያጠራጥራል፣ ሰው በከባዱ ላይ ይዘገያልና። በጨዋታ መካከል ወደ ሌላ መስኮት መውጣት አለመውጣቱ ይመዘገባል። የድሮ ደረጃው ከአዲሱ ጋር ይነጻጸራል። የአሜሪካው ፕሮፌሰር ኬነዝ ሬገን በዚህ ስሌት ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ የፈረንሳዩ ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ነጻው ሊቼስም የራሱ የመለያ ፕሮግራሞች አሉት፣ ኮዳቸውም ለማንም ክፍት ነው።

ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነው። ግን ስሌቱ የሚናገረው ዕድልን እንጂ ጥፋትን አይደለም። አንድ መለያ ከ10,000 ንጹሕ ጨዋታዎች አንዱን ብቻ በስህተት ይጠረጥራል እንበል፤ እጅግ ጠንቃቃ መለያ ነው። 200 ልጆች እያንዳንዳቸው በዓመት 50 ጨዋታ ቢጫወቱ 10,000 ጨዋታ ይሆናል። ማንም ሳያጭበረብር በየዓመቱ በአማካይ አንድ ንጹሕ ልጅ ይጠረጠራል ማለት ነው። ያ ልጅ ከደጀን ሊሆን ይችላል፤ በቀኑ ጥሩ የተጫወተ፣ ከዚያ በፊት ደረጃው የማይታወቅ፣ ስለዚህም «ይህ ከየት መጣ?» የሚባል። ከገጠር የሚመጣ ጎበዝ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚታየው። የተመዘገበ ታሪክ ስለሌለው ብቻ ስሌቱ ከከተማው ልጅ ይልቅ እሱን ይጠራጠራል። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ጥርጣሬ ያለ ሥርዓት አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ትልልቆቹ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ካርልሰን በወጣቱ ሃንስ ኒማን ተሸንፎ በማግስቱ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ኒማን በ12 እና በ16 ዓመቱ በኢንተርኔት ላይ ማጭበርበሩን ራሱ አምኗል፤ ቼስ ዶት ኮም ደግሞ በ72 ገጽ ሪፖርት ከ100 በላይ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ላይ ሳያጭበረብር አልቀረም ብሏል። በሰሌዳ ላይ ግን ማጭበርበሩን ያረጋገጠ ማስረጃ አልተገኘም። ነገሩ የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ ሆኖ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2023 በስምምነት ተዘጋ፤ የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ደግሞ ካርልሰንን ያለ በቂ ምክንያት ውድድር ጥለሃል ብሎ 10,000 ዩሮ ቀጣው።

የዳንኤል ናሮዲትስኪ ታሪክ ከዚህም የከበደ ነው። አሜሪካዊው ግራንድ ማስተርና ተወዳጅ አስተማሪ ከቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ከቭላድሚር ክራምኒክ ተደጋጋሚ የአደባባይ ጥርጣሬ ደርሶበት ነበር፤ እሱም አስተባብሏል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 በ29 ዓመቱ አረፈ። የሞቱን መንስኤ ከጥርጣሬው ጋር ማያያዝ የዚህ ደብዳቤ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በሕይወቱ መጨረሻ ወራት ስሙን ለማጥራት ሲታገል እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች መስክረዋል፣ ፊዴም የክራምኒክን አደራረግ ወደ ሥነ ምግባር ኮሚሽኑ መርቶታል። ዝናና ወዳጅ የነበረው ሰው እንዲህ ከተንገላታ፣ የ14 ዓመት ልጅ ስሙ በቴሌግራም ቡድን «ኮራጅ» ተብሎ ቢለጠፍ ማን ይደርስለታል?

መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ስለ ኩረጃ በቂ ተሞክሮ አላት። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ወረቀት በኢንተርኔት ላይ ወጣና ፈተናው ተቋርጦ እንደገና ተሰጠ። ከዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አስገባቸው። ስልክ ተከለከለ፣ ፈታኙ ተለወጠ። ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። ቁጥሩ አገሪቱን አስደነገጠ፣ የትምህርት ጥራቱንም አጋለጠ፤ ያ ሌላ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለዚህ ደብዳቤ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ2016 ዓ.ም. ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ማንም በየቤቱ ተቀምጦ እንዲፈተን አልተደረገም። ጥያቄው በኮምፒውተር መጣ፤ ተማሪው ግን በፈተና ጣቢያ፣ በፈታኝ ዓይን ሥር ነበር።

ቼስም ይህን መንገድ ያውቀዋል። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የኢንተርኔት ውድድር ደንብ ቅይጥ የሚባለውን አጨዋወት አስገብቷል። ተጫዋቹ በአገሩ፣ በከተማው ባለ አዳራሽ ይቀመጣል፤ ተጋጣሚው በሌላ ከተማ፣ በሌላ አዳራሽ አለ፤ ጨዋታው በኢንተርኔት ይሄዳል፤ በሁለቱም አዳራሽ ግን ሥልጣን ያለው ዳኛ ቆሟል። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ የሚያበቃው የአውሮፓ ማጣሪያ የተካሄደው በዚህ መንገድ ነበር። እያንዳንዱ በየአገሩ ሆኖ ተጫወተ፣ ዳኛውም አብሮት ነበር።

ለምሥራቅ ጎጃም ይህ የሚቻል ነገር ነው። ደጀን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ኮምፒውተሮች ስክሪናቸው ወደ ዳኛው ዞሮ፣ የክፍሉን ቁልፍ ከያዘ አንድ መምህርና ከአንድ የሠለጠነ ዳኛ ጋር፣ ውድድር ለማካሄድ ይበቃሉ። ልጆቹ ሲገቡ ስልካቸውን ለዳኛው ያስረክባሉ፣ የጆሮ ማዳመጫ አይፈቀድም፣ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ በተራና በታወቀ ሰዓት ይሄዳል። ስማቸው ከትምህርት ቤት መታወቂያ ጋር ይገናዘባል፤ የፋይዳ መታወቂያ ያለው በፋይዳ ይረጋገጣል። ወላጅ ከግድግዳ ጥግ ሆኖ ማየት ይችላል፣ ከስክሪኑ ጀርባ ግን አይቆምም። ዳኛው ከደጀን፣ ተጋጣሚው ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፣ ሸለቆውንም መውረድ አይጠበቅም።

በየቤቱ የሚደረግ ጨዋታ ይቅር ማለት አይደለም። ለልምምድ፣ ለወዳጅነትና ሽልማት ለሌለው ውድድር እንደነበረው ይቀጥል። ነጥብ፣ ዋንጫ፣ ገንዘብ ወይም የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ያለበት ጨዋታ ግን ዳኛ ባለበት አዳራሽ ይሁን። ሁለተኛ ካሜራ ከጎን አስቀምጦ ክፍሉን ማሳየት፣ ስክሪን ማጋራት የሚባሉት ዘዴዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ይሠራሉ። እዚህ ግን አንድ ስልክ ያለው ልጅ ሁለተኛ ካሜራ ከየት ያመጣል? ቪዲዮውን የሚሸከም ኔትወርክስ? ሀብታሙን ብቻ የሚያስገባ የጥበቃ ሥርዓት ለኢትዮጵያ አይሆንም፤ የጋራ አዳራሽ ግን የሁሉም ነው።

የኔትወርክ ነገር ከተነሳ ደግሞ ደንቡ በግልጽ ሊመልሰው ይገባል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የመጀመሪያው የኢንተርኔት ኦሎምፒያድ ፍጻሜ በህንድና በሩሲያ መካከል ሲካሄድ በዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መቋረጥ ሳቢያ ሁለት ህንዳውያን ተጫዋቾች ግንኙነታቸው ተቋርጦ በሰዓት ተሸነፉ። ህንድ አቤት አለች፣ የፊዴ ፕሬዚዳንት አርካዲ ድቮርኮቪች ወርቁን ለሁለቱም አገሮች ሰጡ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ደግሞ ማንም አይረሳውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጅ ጨዋታ ሊያጣ አይገባም፤ በተቃራኒው ደግሞ የሚሸነፍ ተጫዋች ገመዱን ነቅሎ «ኔትወርክ ጠፋ» እንዲልም መፍቀድ አይገባም። ሁለቱን መለየት የሚችለው በቦታው ያለ ዳኛ ነው። መብራቱ መጥፋቱን በዓይኑ ያያል፣ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ የጨዋታውን አቀማመጥ በወረቀት ይይዛል፣ ጨዋታው ከዚያው እንዲቀጥል ወይም በሌላ ቀን እንዲደገም ይወስናል።

ከጥፋት በኋላ የሚወሰደው እርምጃም ከመከላከሉ እኩል መጻፍ አለበት። ተጠርጣሪው ልጅ ከሆነ ጉዳዩ በምስጢር ይያዝ፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይጠራ። ውጤቱ ወዲያው ሳይሰረዝ ይታገድ፤ ሽልማቱ ጨዋታዎቹ እስኪመረመሩ ይቆይ። ስሌቱ ብቻውን የሚያስቀጣ እንዳይሆን ቢያንስ ሌላ አንድ ማስረጃ ይጠየቅ። ልጁ በዳኛ ፊት በሰሌዳ ላይ እንዲጫወት ዕድል ይሰጠው፤ ጨዋታዎቹንም በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ይጠየቅ። ይህን እርምጃ ለምን እንደመረጠ ሲጠየቅ የሚመልስ ልጅና ዝም የሚል ልጅ ልዩነታቸው ለሠለጠነ ዳኛ ግልጽ ነው። ፍርድ ከተሰጠ በኋላም ይግባኝ የሚሰማ፣ ከመጀመሪያው ውሳኔ ሰጪዎች የተለየ አካል ይኑር። ጥፋቱ የተረጋገጠበት ታዳጊም ለዘለዓለም አይባረር። በ12 ዓመቱ የሳተ ልጅ በ20 ዓመቱ ሊታረም ይችላል፤ ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ሲመለስ ለአንድ ዓመት በአዳራሽ ብቻ እንዲጫወት ማድረግ ይበቃል።

ስለ ዳኞች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የቼስን ደንብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የኢንተርኔት ውድድር ዳኛ አይሆንም። የኮምፒውተሩን የመስኮቶች ታሪክ ማየት፣ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም መኖሩን መለየት፣ የኔትወርክ መቋረጥን መመዝገብ መማርን ይጠይቃል። የአካባቢውን የኮምፒውተርና የስፖርት መምህራን በጥቂት ቀናት ሥልጠና ለዚህ ማብቃት ይቻላል። ፌዴሬሽኑ ሥልጠናውን ቢያዘጋጅ፣ የክልሉ ቢሮ ቢያስተናግድ፣ የዞኑ መምሪያ መምህራኑን ቢመርጥ ወጪው ብዙ አይሆንም፤ አንድ ቡድን ወደ አዲስ አበባ ለማመላለስ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸርም የሚያዋጣ ነው።

ስለዚህ ከደጀን የተላከው ጥያቄ ይህ ነው። የኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን ለኢንተርኔት ውድድር በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፈ፣ ወረዳ ድረስ የሚደርስ ደንብ እንዲያወጣ፤ የሚፈቀደውን፣ የሚከለከለውን፣ ቅጣቱንና ይግባኙን በዝርዝር እንዲያስቀምጥ፤ ነጥብና ሽልማት ያለባቸውን ውድድሮች በቅይጥ መንገድ፣ ዳኛ ባለበት አዳራሽ ብቻ እንዲያካሂድ ይጠየቃል። የአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ከዞኖች ጋር ሆኖ በየከተማው ቢያንስ አንድ የኮምፒውተር ክፍል ለዚህ እንዲመድብ፣ የምሥራቅ ጎጃም ዞን መምሪያም የመጀመሪያውን ሙከራ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል እንዲያስተናግድ ይጠየቃሉ። ዳኞቹ እስኪሠለጥኑ ድረስ በየቤቱ ተጫውተው ለሚያሸንፉ ልጆች የሚሰጥ ማንኛውም ሽልማት ከምርመራ በኋላ ይሰጥ፤ የተጠረጠረ ልጅ ስምም በምንም ዓይነት በአደባባይ አይጠራ።

መልሱን በቃልም በደብዳቤም የሚጠብቁ ወላጆች፣ መምህራንና ተጫዋቾች አሉ። ፌዴሬሽኑ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ እንዲያሳውቃቸው በአክብሮት ይለመናል።

ደጀን፣ ምሥራቅ ጎጃም